ጋሽ መኩሪያ የሚዘሉት የፍጻሜ ጨዋታ

ኢሜይሉ የመጣው ማክሰኞ ምሳ ሰዓት ላይ፣ ትምህርት ቤት ካፌቴሪያ ውስጥ፣ ፒዛዬን ገምጬ ገና ሳልውጥ ነው። «ጽሑፍሽን ወደነዋል» ይላል። የላከልኝ እዚህ አካባቢ ያሉ ኮሌጆች በወንዶች እግር ኳስ እርስ በርስ የሚጋጠሙበት የኮንፈረንሱ ጽሕፈት ቤት ነው። የጥሎ ማለፍ ውድድራቸውን ታሪክ ጽፌ ልኬላቸው ነበር፤ ዘንድሮ በፍጻሜው ቀን ለተመልካች በሚታደለው መጽሔት ላይ ሊያወጡት ነው። በዚያ ላይ ከጨዋታው በፊት የድሮ ተጫዋቾችን ስም ሲጠሩ የጋሽ መኩሪያንም ሊጠሩ አስበዋል። «ቤተሰባቸው ሜዳው ላይ ቢገኝልን ደስ ይለናል» ይላል መጨረሻው።

ጮህኩ። ወንበሩ ላይ ወጣሁ ማለት ይቻላል። ተቆጣጣሪዋ ሴትዮ ከወዲያ ማዶ «ቁጭ በይ!» አለችኝ፤ ቁጭ ብዬም እግሬ ጠረጴዛው ሥር ይጨፍር ነበር። አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው፤ እስከዛሬ የጻፍኩትን ነገር ከአስተማሪ በቀር ማንም አንብቦልኝ አያውቅም። አሁን ስታዲየም ሙሉ ሰው ሊያነበው ነው! ቢያንስ ሆት ዶግ የተጠቀለለበትን ሶፍት ሊያስቀምጥበት ነው፤ እሱም ይበቃኛል።

ከዚያ ፒዛውን ስውጥ ሌላም ነገር አብሮ ወረደ። ጋሽ መኩሪያ ከፋሲካ በኋላ አርፈዋል። እኔ የምጨፍረው በሳቸው ስም ነው። እሳቸው ደግሞ በሕይወት እያሉ «እኔን ተይኝ» ብለውኝ ነበር።

ጋሽ መኩሪያ አሌክሳንድሪያ የሚኖሩ የመኪና መንዳት አስተማሪ ነበሩ። ሲልቨር ስፕሪንግ የኛ ሕንጻ ውስጥ ካሉት ሐበሾች ግማሾቹን ያስተማሯቸው እሳቸው ናቸው። እናቴንም አስተምረዋታል። እናቴ በሦስተኛው ፈተና ነው ያለፈችው፤ ጥፋቱ ግን የአስተማሪው እንዳልነበረ ሁላችንም እናውቃለን፣ እሷም ታውቃለች። እኔ የመለማመጃ ፈቃዴን፣ ፐርሚቴን፣ ያወጣሁ ቀን «ልጅቷን ለኔ ተይልኝ፤ ካንቺ ጋር ከተማረች ፍሬኑ ያልቃል» አሏት።

ግራጫዋ ቶዮታቸው በተሳፋሪው በኩል ሁለተኛ ፍሬን አላት። እኔ ግን ከዚያ ፍሬን ይበልጥ የምፈራው ከፀሐይ መከላከያው ሥር የሚሰኩትን ቢጫ ካርድ ነበር። እውነተኛ የዳኛ ካርድ ነው። ስሳሳት አይቆጡም፤ ካርዱን መዘዝ አድርገው ፊት ለፊቴ ከፍ ያደርጉታል፣ ከዚያ ቀስ ብለው ይመልሱታል። ሁለት ቢጫ ካየሁ ቦታ እንቀያየራለን፤ የቀረውን እሳቸው ይነዳሉ። ጥሩ ሳደርግ ደግሞ ጉልበታቸውን አንድ ጊዜ ቸብ ያደርጋሉ። ያቺን ድምፅ ለማግኘት ስል ስንቱን የጭነት መኪና በትሕትና አሳልፌያለሁ።

«መስመር ከመቀየርሽ በፊት ትከሻሽን አሻግረሽ እይ» ይሉኝ ነበር። «አማካይ ኳስ ከመቀበሉ በፊት ምን ያደርጋል? ዞር ብሎ ያያል። ማነው ከኋላሽ?»

«ማንም የለም።»

«ማንም የለም የሚል ተከላካይ ነው ሁልጊዜ ጎል የሚገባበት። ድገሚው።»

ድጋሚ ሳይ አውቶቡስ የሚያህል ነገር ጎኔ ላይ አለ። ቢጫ።

ትምህርታችን ሁልጊዜ ዋሽንግተንን የሚዞረውን አውራ ጎዳና፣ ቤልትዌይን፣ ይዘን ከሲልቨር ስፕሪንግ እስከ አሌክሳንድሪያ ነው፤ መንገዱ ደግሞ የውድድሩ ታሪክ ነው። ጋሽ መኩሪያ በወጣትነታቸው ከኮንፈረንሱ ኮሌጆች በአንዱ ተምረው፣ ለዚያው ኮሌጅም ተጫውተዋል፤ ያን አልደበቁኝም። ከዚያ ወዲህ አንድም ኖቬምበር አላመለጣቸውም። ከቤታችን ስንነሳ ይጀምራሉ። በመጀመሪያ የጥሎ ማለፍ ውድድር የሚባል አልነበረም፤ ኮሌጆቹ በመጸው ይጋጠማሉ፣ ብዙ ነጥብ የሰበሰበው ዋንጫውን ይወስዳል። «ቢሮ ውስጥ የሚያልቅ ዋንጫ» ይሉታል፣ አፍንጫቸውን ሰብሰብ አድርገው። ወደ ኮሌጅ ፓርክ መውጫ ስንደርስ አሠልጣኞቹ ይህ ነገር አልጣመንም ብለው አራት ቡድን የሚፋለምበት ውድድር ይጀምራሉ። አርብ ግማሽ ፍጻሜ፣ እሑድ ፍጻሜ፣ ሁሉም በአንድ ኮሌጅ ሜዳ። አርብ የተሸነፉት እንኳን ወደ ቤት አይሄዱም፤ አውቶቡሱ የተከራየው እስከ እሑድ ነውና ያሸነፋቸውን ቡድን ፍጻሜ ቁጭ ብለው ያያሉ።

«ምን ዓይነት ቅጣት ነው!» አልኳቸው።

«ቅጣት? ትምህርት ነው እንጂ። ሲግናል አብሪ።»

ሜዳው መብራት ስላልነበረው ዳኛው ኳሱ አልታይ ብሎት ያቆመበት ፍጻሜ አለ፤ ሁለቱም ቡድኖች አሸናፊ ተባሉ፣ ዋንጫውን ማን አስቀድሞ ቤቱ ይውሰድ የሚለው በሳንቲም ተወሰነ። ቡድኖቹ ስድስት የሆኑበት፣ ከዚያ ስምንት የሆኑበት፣ በረዶ ጥሎ የሜዳውን መስመሮች ብቻ በአካፋ ጠርገው የተጫወቱበት፣ በኮቪድ ምክንያት የመጸው ውድድር ጸደይ ላይ የተደረገበት ዓመት አለ። በኮቪዱ ጊዜ ተመልካች ስለተከለከለ ጋሽ መኩሪያ መኪናቸውን አጥሩ ሥር አቁመው፣ ጣሪያው ላይ ወጥተው ነው ያዩት። እትዬ የሺ፣ ባለቤታቸው፣ «የስድሳ ዓመት ሽማግሌ ከመኪና ጣሪያ ውረድ ተብሎ በፖሊስ ሲለመን ያየሁት ያን ቀን ነው» ማለታቸውን እየነገሩኝ ራሳቸው ይስቃሉ።

ወንዙ ላይ ያለው ትልቁ ድልድይ ጋ ስንደርስ ግን አንድ ፍጻሜ ይዘላሉ።

«ከዚያስ?»

«ከዚያ በሚቀጥለው ዓመት…»

«የዚያኛው ዓመትስ?»

«የቤት ቡድኑ በወርቃማ ጎል አሸነፈ። መስመርሽን ያዢ።»

በድሮው ሕግ ጨዋታው እኩል ሲያልቅ ተጨማሪ ሰዓት ይሰጣል፤ በዚያ ሰዓት ቀድሞ ያገባ ቡድን ያሸንፋል፣ ጨዋታው እዚያው ላይ ያበቃል። ወርቃማ ጎል የሚሉት እሱን ነው። ጋሽ መኩሪያ ይጠሉታል። ሕጉ የተነሳ ጊዜ ለተማሪዎቻቸው ሁሉ ዶናት ገዝተው ነበር አሉ። «ጎል ከገባ በኋላ ትንሽ ጊዜ ሊኖር ይገባል» ይሉ ነበር፣ «ሰው ምን እንዳደረገ የሚያይበት።» እኔ ስለ ኳስ ብቻ የሚያወሩ መስሎኝ ነበር።

ባለፈው ኖቬምበር ለግማሽ ፍጻሜው እኔ ነድቼ ወሰድኳቸው። ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። ተጣጣፊ ወንበሮቻቸውን ዘርግተን፣ ብርድ ልብስ ለሁለት ለብሰን ተቀመጥን። ለታሪክ ክፍል ስለ አካባቢያችን የሆነ ነገር ጻፉ ስለተባልን የውድድሩን ታሪክ ልጽፍ እንደሆነ የነገርኳቸው ያን ቀን ነው፤ ጉልበታቸውን ሁለት ጊዜ መቱ። በእረፍት ሰዓት አንድ ረጅም፣ ጸጉሩ ጥጥ የመሰለ አሜሪካዊ ትኩስ ቸኮሌት ይዞ በፊታችን ሲያልፍ ቆም አለ። የተናገሩት በእንግሊዝኛ ነው፤ እኔ እንደቻልኩ ወደ አማርኛ እመልሰዋለሁ።

«አንተ ነህ!» አለ። «ኖቬምበሬን ያበላሸህብኝ ሰውዬ!»

ጋሽ መኩሪያ ቀና ብለው አዩት። «ይቅርታ፣ ተሳስተሃል።»

«በረኛው ነኝ እኮ! በግራ በኩል ገብተህ፣ በሁለት እግሮቼ መሃል! ልጆቼ በቃላቸው ያውቁታል። ከዚያ ደግሞ ያ ጭፈራ! ሰዎችህ ሁሉ ሜዳው ውስጥ ገብተው፣ አንተ መሃል ላይ እንዲህ፣ እንዲህ…» እስክስታ ሊወርድ ሞከረ። ቸኮሌቱ ጫማው ላይ ፈሰሰ።

እኔ ሳቅኩ። ጋሽ መኩሪያ አልሳቁም።

«ወንድሜ ይሆናል» አሉት።

የሰውየው ፊት ቀስ እያለ ጠወለገ። «በጣም ትመስለዋለህ» ብሎ፣ ይቅርታ ጠይቆ ሄደ። ጋሽ መኩሪያ ወንድም የላቸውም።

ጨዋታው አልቆ መኪና ውስጥ ስንገባ ሞተሩን ሳላስነሳ ቢጫ ካርዱን መዝዤ ለሳቸው አሳየኋቸው። «ዋሹ እኮ!» ሊስቁ ነው ብዬ ነበር። ካርዱን ከእጄ ወስደው ጭናቸው ላይ አስቀመጡት፣ ከዚያ ወደ ፊት እያዩ ነገሩኝ።

የፍጻሜው ጨዋታ እሑድ ነበር። አባታቸው ደብረ ብርሃን ያረፉት ግን ከዚያ በፊት ነው። ወሬው አሌክሳንድሪያ ለነበሩ ትልልቅ ሰዎች በስልክ ደረሰ። ሽማግሌዎቹ ተሰበሰቡና ተመካከሩ። ልጁ እሑድ ፍጻሜ አለበት፤ ዛሬ ቢነገረው ቀብር ላይ አይደርስ፤ ለምን ይህችን አንድ ቀን እንነጥቀዋለን? ይጫወት። መርዶውን ሰኞ ጠዋት፣ እንደ ወጉ፣ ተሰብስበን ቤቱ ሄደን እናረዳዋለን።

«እሑድ ሜዳ ስገባ ሐበሻው ሞልቷል» አሉኝ ጋሽ መኩሪያ። «ያን ያህል ሰው ለኮሌጅ ኳስ መጥቶ አያውቅም። አየሽ፣ አዝነውልኝ ነው የመጡት። እኔ ደግሞ ዝናዬ ወጥቶ መሰለኝ። ኮራሁ። ለነሱ ብዬ ሮጥኩ።»

አገቡ። ጨፈሩ። ሜዳሊያቸውን እንኳን ሳያወልቁ ተኙ። ሰኞ ገና ጎህ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ።

«ከፈትኩት። ኮሪደሩ ሙሉ ሰው ነው። ‹ምን ዓይነት ሰዎች ናችሁ፣ ለእንኳን ደስ ያለህ በዚህ ሰዓት ይመጣል?› ብዬ ሳቅኩ። ግቡ፣ ግቡ እላለሁ። ማንም አይገባም። ሜዳሊያው አንገቴ ላይ ነው። ከዚያ የሴቶቹን ነጠላ አየሁ፤ ለሐዘን እንደሚለበሰው አዙረውታል።»

ሞተሩን ማስነሳት አቃተኝ። «አላወቁም እኮ፣ ጋሼ» አልኳቸው።

«አላወቅኩም። እነሱንም አልወቅስም፤ ወደውኝ ነው። ትከሻው ግን የኔ ነው። አባቴ አፈር ለብሶ እኔ ትከሻዬን እሰብቅ ነበር።» ካርዱን ወደ ቦታው መለሱት። «ታሪኩን ስትጽፊ ያን ዓመት የቤት ቡድኑ አሸነፈ ብለሽ እለፊው። እኔን ተይኝ።»

«እሺ» አልኩ።

ከፋሲካ በኋላ ልባቸው ድንገት ቆመ። ቀብራቸው ላይ የሆነውን ብነግራችሁ አታምኑኝም። ከቤተ ክርስቲያን እስከ መቃብሩ የተሰለፈው መኪና ሁሉ የተማሪዎቻቸው ነው፤ አንድም ሰው ጡሩምባ አልነፋ፣ አንድም ሰው አልተጋፋ፣ ሁሉም ርቀቱን ጠብቆ፣ ሁሉም ከመታጠፉ በፊት አስቀድሞ ሲግናል እያበራ። እናቴ ሳትቀር! እያለቀስኩ ሳቄ መጣ፤ ቀጥሎ ደግሞ መሳቄ አሳፈረኝ።

ለክፍል ያስገባሁት ጽሑፍ እንዳሉኝ የተዘለለ ነበር። በበጋው የትምህርት እረፍት ግን ለኮንፈረንሱ ልልከው ሳስተካክል ያ ዓመት ላይ ደረስኩ። «የቤት ቡድኑ አሸነፈ» ይላል። ሌላው ፍጻሜ ሁሉ ያገባው ሰው ስም አለው፤ የሳቸውን ብቻ ስታነቡት ኳሱ በነፋስ የገባ ይመስላል። አጠፋሁትና ስማቸውን ጻፍኩ። ማን ያነበዋል ብዬ ላክሁት። እትዬ የሺን አልጠየቅሁም።

ማክሰኞ ማታ ለእናቴ ስነግራት መጀመሪያ «እሰይ!» ብላ አቀፈችኝ። ከዚያ ያቀፈችኝ እጅ ላላ አለ።

«እትዬ የሺ ያውቃሉ?»

«አያውቁም።»

«እሳቸው ሳይሰሙ ነው የላክሽው? ‹ተይኝ አሉኝ› ብለሽ የነገርሽኝን ሰው ስም?»

«ለጽሕፈት ቤቱ ኢሜይል አደርግና ስሙን ይሰርዙታል።»

«እሱን እሳቸውን ካነጋገርሽ በኋላ። በስልክ እንዳትነግሪያቸው ደግሞ። ሄደሽ ፊታቸውን እያየሽ ንገሪያቸው። እምቢ ካሉ በቃ፣ ይወጣል። ጭፈራሽንም እስከዚያ ሰብሰብ አድርጊው፣ የኔ ልጅ፤ ዓመት ያልሞላው ሐዘን ነው።»

ሰብሰብ አደረግሁት። እውነቱን ልናገር፣ ሙሉ በሙሉ አልተሰበሰበም። ሒሳብ ክፍል ውስጥ ኢሜይሉን ከጠረጴዛ ሥር እንደገና አነብባለሁ፣ ፊቴ ይፈካል፣ ከዚያ ሬሳ ላይ እንደቆመ ሰው እደነግጣለሁ። ሳምንቱን እንዲህ ሆኜ አሳለፍኩ።

ቅዳሜ ድልድዩን ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዬን ተሻገርኩ። እትዬ የሺ ክሪስታል ሲቲ ቢሮ የሚሠሩ ሒሳብ ሠራተኛ ናቸው፤ ቁጥብ፣ ብዙ የማይናገሩ። በሩን ሲከፍቱልኝ ከኋላቸው ኮሪደሩ ላይ ጋሽ መኩሪያ ፓርኪንግ የሚያለማምዱባቸው ብርቱካናማ ኮኖች ተደራርበው ቆመዋል።

«ለማን እንደምሰጣቸው አላውቅም» አሉኝ፣ ኮኖቹን ሳይ አይተው። «ብቻሽን ነዳሽ?»

«አዎ።»

«በድልድዩ?»

«በድልድዩ።»

ጉንጬን ሳሙኝና ወጥ ቤት ጠረጴዛው ላይ ተቀመጥን። ያሰብኩትን መግቢያ ሁሉ ረስቼ እንዳለ ዘረገፍኩት፤ መላኬን፣ ሳልጠይቃቸው መላኬን፣ ካፌቴሪያ ውስጥ መጮሄን። «ካልፈለጉ ዛሬውኑ አስወጣዋለሁ» አልኩ። ዓይኔን ከጠረጴዛው ላይ አላነሳሁም።

«አንብቢልኝ።»

ከእንግሊዝኛው እየመለስኩ አነበብኩ። «በተጨማሪው ሰዓት መኩሪያ ከግራ በኩል ገብቶ፣ ኳሷን በበረኛው እግሮች መሃል አሳለፋት።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ የሚቀጥለው ዓመት ነው።»

«ጭፈራውስ? ሰኞስ?»

«አልጻፍኩም።»

«ነግሮሻል ግን።»

«ነግረውኛል።»

«ስለኔስ?»

«ስለ እርስዎ ምንም አላሉኝም።»

እትዬ የሺ በአፍንጫቸው ሳቁ፤ ደስ የሚል ሳቅ አይደለም። «አይልም» አሉ። «አንድ ቀን አላለም።»

ያኔ እትዬ የሺ የኮሌጅ ጓደኛቸው ነበሩ፤ ገና አልተጋቡም። ወሬውን አርብ ሰምተዋል፤ እንዳይናገሩም ተነግሯቸዋል። እሑድ ከሽማግሌዎቹ ጎን ተቀምጠው ነበር።

«ጎሉ ሲገባ ከሁሉ ቀድሜ እልል ያልኩት እኔ ነኝ። ስንት ዓመት ሙሉ ለራሴ ‹እንዳይጠረጥር ብዬ ነው› እላለሁ። ውሸት ነው። ደስ ብሎኝ ነው። አባቱ መሞታቸውን እያወቅኩ፣ ከልቤ ደስ አለኝ። ሰኞ ደግሞ ኮሪደሩ ላይ ከሰዎቹ ኋላ ቆሜያለሁ። ግቡ፣ ግቡ እያለ ሲስቅ ዓይኑ ያረፈው እኔ ላይ ነው።» መዳፋቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት፣ ያልነበረ ፍርፋሪ ጠረጉ። «ከዚያ ይህን ሁሉ ዘመን አብረን ኖርን። ‹ታውቂ ነበር ወይ?› ብሎ አልጠየቀኝም። ቢጠይቀኝ እንዴት ባረፍኩ። እሱ ኖቬምበር በመጣ ቁጥር ራሱን ሲበላ፣ እኔ ዝም ብዬ ሳህን አጥባለሁ።»

«ላስወጣው ታዲያ? ስማቸውን?»

«አታስወጪው።» ድምፃቸው የሒሳብ ሠራተኛ ድምፅ ሆነ። «ለነሱ ጎሉን ጽፈሽላቸዋል፤ ይጥሩት። የራሱ ጎል ነው፤ ማንም አልሰጠውም። የቀረው ግን የኛ ነው፤ እሱ ብቻውን ተሸከመው። እሱን ለኛ ሰው በአማርኛ ጻፊልኝ። እኔም እንደማውቅ ጻፊ። ስሜን እንዳትደብቂ።»

«ሰው ቢወቅስዎትስ?»

«ይውቀሰኛ። ለዚህ ስንት ዘመን ጠበቅኩ።»

«እኔም እኮ ጨፍሬያለሁ» አልኳቸው፣ ሳላስበው። «ካፌቴሪያ ውስጥ። እሳቸው ሞተው።»

አተኩረው አዩኝ። «እና ምን ልታደርጊ ኖሯል? ጻፍሽ፣ ወደዱልሽ፤ ልታለቅሺ?» ተነሥተው ውኃ ቀዱልኝ። ጀርባቸውን እንደሰጡኝ ነው የቀረውን የተናገሩት። በዚያ ጠዋት በሩ ላይ ከቆሙት ብዙዎቹ ዛሬም እዚሁ ናቸው፤ አናንዴል አሉ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አሉ። ቤተ ክርስቲያን ይሳሳማሉ፣ ሠርግ ላይ ይገናኛሉ፤ ስለዚያ ሰኞ ግን አንድም ቀን አንስተው አያውቁም። «ይምጡ በያቸው» አሉኝ። «ሜዳው ላይ ብቻዬን አልቆምም።»

ስለዚህ ይኸው ብያችኋለሁ። ዘንድሮ ፍጻሜውን የሚያዘጋጀው ጋሽ መኩሪያ የተማሩበት ኮሌጅ ነው፤ ሜዳውን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ነው። ስም የሚጠሩት ኳሱ ከመጀመሩ በፊት ስለሆነ እንደኛ ሰው አታርፍዱ፣ እባካችሁ። ያኔ እዚያ ያልነበራችሁ፣ ያኔ ያልተወለዳችሁም ኑ፤ እኔም አልተወለድኩም ነበር። በዚያ ጠዋት ኮሪደሩ ላይ የቆማችሁ ግን ትሪቡኑ ላይ ተቀምጣችሁ አትቅሩ፤ እትዬ የሺ ሜዳው ዳር ይሆናሉና ወርዳችሁ አጠገባቸው ቁሙ። ምን እንላቸዋለን ብላችሁ የምትጨነቁ ካላችሁ፣ እሳቸውም ምን እንደሚሏችሁ እስካሁን አላወቁም።